በረንዳው ሲሰምጥ፦ ልሙላው ወይስ ላፍርሰው?

ጥያቄ፦ ቤታችን ሲኤምሲ አካባቢ ነው፤ ከተሠራ 9 ዓመት ሆኖታል። 4 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነው የፊት በረንዳ ከበሩ ደፍ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታም ጣት የሚያስገባ ክፍተት አውጥቷል። ግንበኛው «ከላይ 7 ሳንቲ ኮንክሪት ጨምረን እናስተካክለው» ይለኛል። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። በ6 ካሬ ሜትር ላይ የሚፈስ 7 ሳንቲ ኮንክሪት ብቻውን አንድ ቶን ይመዝናል። እየሰመጠ ባለው ነገር ላይ ሸክም ይጨምራል እንጂ የሰመጠበትን ምክንያት አይነካውም። ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ክፍተቱ ተመልሶ ይመጣል።

በረንዳ ብዙ ጊዜ የሚሰምጠው ቤቱ ሲሠራ የተረፈው ቁፋሮ አፈርና ፍርስራሽ ሳይጠቀጠቅ ከሥሩ ስለሚሞላ ነው። በእናንተ ሰፈር ደግሞ ጥቁሩ አፈር፣ መረሬው፣ አለ፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሁለቱንም የሚያባብሰው ውሃ ስለሆነ ምርመራው ከውሃ ይጀምር። የጣሪያው አሸንዳ ቱቦ የት ነው የሚያፈስሰው? በረንዳው ጥግ ከሆነ ግማሹን መልስ አገኙ። ማታ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ይመዝግቡ፤ ጠዋት ቁጥሩ ተለውጦ ካገኙት ከመሬት ሥር የሚያፈስ መስመር ሊኖር ይችላል። ከዚያ ወለሉን በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ይሂዱ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ሥሩ ክፍት ነው።

በረንዳው አሁንም እየወረደ መሆኑን ለማወቅ በግድግዳው ላይ በሁለቱም ጫፍ የእርሳስ ምልክት ያድርጉና ከምልክቱ እስከ ወለሉ ያለውን በየወሩ ይለኩ። በጋ ወርዶ ክረምት የሚመለስ ከሆነ የመረሬው ሥራ ነው። ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ከሆነ ሙሌቱ እየተቀመጠ ወይም በውሃ እየታጠበ ነው። ከአንድ ሙሉ ክረምት በኋላ ምንም ካልተንቀሳቀሰና ወለሉ ካልተሰባበረ ማፍረስ አያስፈልግም፤ ክፍተቱን በሚለጠጥ ማሸጊያ ዘግቶ ውሃውን ማራቅ ይበቃል። የእርስዎ ግን 6 ሳንቲ ስለወረደ ማፍረሱ ይሻላል ባዮች ነን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የበረንዳው ጣሪያ ቋሚ በዚያው ወለል ላይ የቆመ ከሆነ መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት መሐንዲስ ይጥሩ። ጣሪያው በብረት ድጋፍ ሳይያዝ ወለሉ አይነካም፤ ሲታደስም ቋሚው የራሱ መሠረት ይኑረው።

ጊዜው ኅዳርና ታኅሣሥ ቢሆን ይመረጣል። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ጭቃ ይሆናል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ መረሬው እስከ መጨረሻው ተኮማትሮ ስለሚገኝ፣ ያኔ የፈሰሰ ወለል ሐምሌ ላይ ከሥር ተገፍቶ ይነሳል። አሮጌውን ወለል አፍርሰው ከመሬት ወለል በታች 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፍሩ። ከቤቱ መሠረት ግርጌ በታች ግን በፍጹም አይውረዱ፤ ከግድግዳው አጠገብ ያለውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሜትር በሜትር እየከፈሉ ቆፍረው ይሙሉት። ወደ 5 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። ሲፈታ ስለሚያብጥ ለ6 ኩብ መጫኛ ያስቡ። ጉድጓዱ ፀሐይ ላይ ለቀናት አይደር።

ሙሌቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ርካሽና ቀላል ነው ብለው ጉድጓዱን በቀይ አሽ ብቻ የሚሞሉ አሉ። ቀይ አሽ ውሃ ያሳልፋል፣ መረሬው አያሳልፍም፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ከሥርዎ የተቀበረ ገንዳ ይሆናል። ውሃ ቶሎ የማያሳልፍ፣ የማያብጥ ሰሌክት ማቴሪያል ይግዙ። በረንዳው ከመሬት 30 ሳንቲ ከፍ የሚል ከሆነ የተጠቀጠቀ 75 ሳንቲ ሙሌት ያስፈልጋል፤ ሲገዙ 6 ኩብ ያህል ይያዙ። 20 ሳንቲ እየነሰነሱ ትንሽ አርጥበው በመጠቅጠቂያ ማሽን ወደ 15 ሳንቲ ያውርዱት፣ አምስት ጊዜ። በእጅ መደብደቢያ ከሆነ የአንዱ ንጣፍ ውፍረት ከ10 ሳንቲ አይለፍ። ዙሪያውን የያዘው የድንጋይ ግንብ አብሮ ሰምጦ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ከጉድጓዱ ግርጌ ጀምሮ እንደ አዲስ ይገንባ። በሙሌቱ ላይ 25 ሳንቲ ሃርድኮር ድንጋይ ይደርደር፤ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላ፤ ፕላስቲክ ይነጠፍ።

ወለሉ 10 ሳንቲ ይበቃዋል። ለ0.6 ኩብ ኮንክሪት፣ ብክነቱን ጨምሮ፣ 5 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሲሶ ኩብ አሸዋ፣ ግማሽ ኩብ ጠጠር ይያዙ፤ መጠኑ 1 ለ2 ለ3 ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ20 ሳንቲ ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ ሲታሰር 6 ቤርጋ ይጨርሳል። ፌሮው በድንጋይ ላይ ተኝቶ እንዳይቀር 3 ሳንቲ ከፍ የሚያደርግ መደገፊያ ይግባበት። ውሃ አያብዙ፤ ለማፍሰስ የሚመች ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ኋላ ይሰነጠቃል። ወለሉ ከቤቱ ወደ ውጭ በሜትር 1.5 ሳንቲ ያዘንብል። ከፈሰሰ በኋላ 7 ቀን እርጥብ ጆንያ አይለየው።

ወለሉን ከቤቱ ግድግዳ ጋር በፌሮ አያስሩ! መረሬው 80 ሳንቲ ስለተቆፈረ አያልቅም፤ በረንዳው ትንሽ መንቀሳቀሱ አይቀርም፤ ከታሰረ የቤቱን ግድግዳ ይዞ ይሰነጥቃል። በመካከላቸው 1 ሳንቲ ፎም አስገብተው ላዩን በሚለጠጥ ማሸጊያ ይዝጉ። በመጨረሻ የአሸንዳውን ውሃ በቱቦ ከበረንዳው አርቀው ያውጡ፤ ዙሪያውንም ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ባለው ወደ ውጭ ባዘነበለ ንጣፍ ይሸፍኑ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። የመግቢያው ኮንክሪት ሳይሰነጠቅ ወደ ቤቱ 4 ሳንቲ አዘንብሏል፤ ዝናብ ሲመጣ ቤዝመንት ግድግዳው ይረጥባል። ከሥሩ ፎም ረጭተን እናንሳው የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ወለሉ አንድ ቁራጭ ከሆነ ማንሳት ይቻላል። ቤቱ ሲሠራ ቤዝመንቱ ዙሪያ የተቆፈረው አፈር ሳይጠቀጠቅ ስለተመለሰ ነው ወደ ቤቱ ያዘነበለው። ፎሙ ወለሉ ላይ በሚበሳ 16 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከሥሩ ይገባና አብጦ ወለሉን ያነሳል፤ እጅግ ቀላል ስለሆነ ልል አፈር ላይ ጭነት አይጨምርም። የሲሚንቶና የአፈር ድብልቅ ማስገባት ይረክሳል፤ ግን ከባድ ነው፤ ቀዳዳዎቹም ሰፋ ይላሉ። ከመስማማትዎ በፊት ደረጃዎቹን ይለኩ፤ ወለሉ ሲነሳ የደረጃዎቹ ቁመት እርስ በርሱ ከ3/8 ኢንች በላይ መለያየት የለበትም። ከግድግዳው ጋር ያለው መስመር ካልታሸገና የአሸንዳው ቱቦ ወደ 6 ጫማ ካልራቀ ግን ፎሙ ላይ ያወጡት ብር ከንቱ ነው። አዲስ ይሠራ ካሉ የመሠረቱ ግርጌ ከውርጭ መስመር (በብርድ ወቅት አፈሩ እስከሚቀዘቅዝበት ጥልቀት) በታች፣ በእናንተ ካውንቲ 30 ኢንች፣ ይውረድ። ፈቃዱን ከካውንቲው ያውጡ፤ ከመቆፈርም ቀናት ቀድመው ወደ 811 ደውለው ከመሬት ሥር የተቀበሩ መስመሮችን ያስመልክቱ፤ ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ የተሰነጠቀ በረንዳ ላይ ሴራሚክ ቢለጠፍ ስንጥቁን ይይዘዋል?

መልስ፦ አይይዘውም። በዚያው መስመር ሴራሚኩም ይሰነጠቃል።