ደብረ ብርሃን ላይ 80 ካሬ ጓሮ ላላት እህታችን

እህቴ፣ «ደብረ ብርሃን ከቤቴ ጀርባ 80 ካሬ ክፍት ቦታ አለኝ። ልጆቼን ከጓሮዬ ማብላት እፈልጋለሁ። ቲማቲምና ቃሪያ ብተክል ያዋጣኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚያው ከተማ ካንቺ በምታንስ ቦታ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ቲማቲሙን ለጊዜው እርሺው። እኔም የጀመርኩት በሱ ነበር። ሰኔ ላይ 40 ችግኝ ተከልኩ። ክረምቱ ሲበረታ ዋግ የሚሉት በሽታ ግማሹን አጠቆረው። የተረፈው መስከረም ላይ ፍሬ ያዘ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጠዋት በሩን ከፍቼ ስወጣ ቅጠሉ ሁሉ የተቀቀለ መስሎ ተኝቷል። ፍሬውን ስይዘው እጄ ላይ ውሃ ሆነ። ውርጭ ነው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቲማቲምና ቃሪያ ጣርማ በርን ወርደሽ፣ ደብረ ሲናን አልፈሽ፣ እነ ሸዋ ሮቢት ነው የሚያምርባቸው። ከዚያ የመጣውን ገበያ ግዢ። ያንቺን መሬት ብርድ ለሚችለው ስጪው፤ ለአበሻ ጎመን፣ ለጥቅል ጎመን፣ ለካሮት፣ ለቀይ ስር፣ ለነጭ ሽንኩርት። ጎመንማ ቀላል ውርጭ ሲነካው እንደውም ይጣፍጣል። ከሥር ከሥሩ ቅጠሉን እየቀነጠብሽ ወራት ትበያለሽ። ለመጀመሪያ ዓመት እሱ ብቻውን ቢሳካልሽ ትልቅ ነገር ነው።

ከዘሩ በፊት ግን አፈሩ። አፈርሽ ጥቁር ከሆነ ነሐሴ ላይ ውሃ ይተኛበትና ሥሩ ይበሰብሳል። መደብ ሥሪ። ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ከፍታው ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በመደብና በመደብ መሃል ውሃው የሚወርድበት ቦይ አውጪ። ወርዱን ከዚህ አታስፊው። ከሁለቱም ወገን እጅሽ መሃሉ ድረስ መድረስ አለበት፤ መደቡ ላይ ከወጣሽ አፈሩን ትጠቀጥቂዋለሽ።

ፍግ ላይ አትሰስቺ። የላም እበት እኛ አገር ለኩበት ስለሚፈለግ አይገኝም፣ ቢገኝም ውድ ነው። የበግ በጠጥ ግን በግ ያላቸው ጎረቤቶች በደስታ ይሰጡሻል። በረታቸውን ጠርገሽ ውሰጂ። ከገለባና ከወጥ ቤት ትርፍራፊ ጋር ከምረሽ፣ እያገላበጥሽ ቢያንስ ሦስት ወር ይቆይ። እኔ አንድ ጊዜ ተቻኩዬ ትኩስ የዶሮ ኩስ ከካሮት ጋር ቀላቀልኩና በሳምንቱ ቡቃያው ተቃጥሎ አለቀ። ደግሞ ባሕር ዛፍ አጠገብ መደብ እንዳትሠሪ፤ ሥሩ ውሃሽን ሁሉ ይመጠዋል።

ድንች ልጆች ያሉበት ቤት አይቀርም። በክረምት ዋግ ስለሚያጠቃው፣ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ ካለሽ የጥር ውርጭ ሲያልፍ የካቲት ላይ ትከይ። ዘሩን ከመትከልሽ በፊት አጎንቁይው። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ግን ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ በአንድ ረድፍ ዘርጊው። ጨለማ ውስጥ ያጎነቆለ ድንች ነጭ፣ ረጅም ክር የመሰለ ጉንቁል ያወጣል፤ ስትተክዪው እጅሽ ላይ ይሰበራል። ብርሃን ያየው አጭር፣ ወፍራም፣ ጠንካራ ነው። በመስመርና በመስመር መካከል 75፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ስጪው። አንድ ስንዝር ሲሆን አፈር አስታቅፊው፤ ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አይበላም። ድንች የነበረበት መደብ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ዝሪ። መሬቱ ያገግማል፤ እሸቱም ለልጆቹ ነው።

ስለ ውርጭ አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ናቸው ያስተማሩኝ። ማታ ቀና ብለው ሰማዩን ያዩና «ዛሬ ጠርቷል፣ ነፋስም የለም፤ አልብሰው» ይሉኛል። አንድም ቀን ተሳስተውብኝ አያውቁም። እንዲህ ያለ ምሽት ላይ ለስላሳውን አትክልት በገለባ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኚ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጪው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። አጥርሽ በታች በኩል ድፍን ግንብ ከሆነ ብርዱ እዚያ ይጠራቀማል። እኔ ከግንቡ ሥር ጥቂት ድንጋይ አውጥቼ ቀዳዳ ከተውኩ ወዲህ የታችኛው መደቤ ተርፏል።

ሃያ ካሬዋን ብቻ ዘንድሮ ጀምሪ፤ ከወጥ ቤትሽ በር የምትቀርበውን። የአፈሩን ቀለምና ውሃ ከየት እንደምታገኚ ጻፊልኝ። የጎመን ዘር ከራሴ ያስቀረሁት አለኝ፤ ከፈለግሽ እሰጥሻለሁ።