የሕክምና ተማሪዎች ደኅንነትና የኦንላይን ድጋፍ፦ የፈለጋችሁትን ጠይቁ

ሐኪም ነኝ። ለሕክምና ተማሪዎች የሚሰጥ የአእምሮ ጤና ድጋፍ በኦንላይን አስተባብራለሁ። ዛሬ ጥያቄያችሁን በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ችግሩ እውነት ይህን ያህል ነው? ወይስ የዛሬ ልጆች ተሞላቅቀን ነው?

መሞላቀቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ በሚባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትንታኔ በ43 አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። 27 ከመቶ ያህሉ የሕክምና ተማሪዎች ድባቴ ወይም የድባቴ ምልክት ነበራቸው። 11 ከመቶ ገደማ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነበራቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ ምልክቱ ከታየባቸው ውስጥ ሕክምና የፈለጉት 16 ከመቶ አካባቢ ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ከዝምተኞቹ ነኝ። ዲኑ ቢሰማስ?

ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ዛሬ የምታለቅሺለት ሰው ነገ ውጤትሽን የሚሞላ ከሆነ፣ ማንም ቢሆን አፉን ይዘጋል። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂ። ስሜን ማን ያያል? የትምህርት ቤቱን ኢሜይል መጠቀም ግዴታ ነው? የሞላሁት ፎርም የት ይቀመጣል?

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ብዙ ፕሮግራሞች ፒኤችኪው 9 የሚባለውን የድባቴ ምልክት መለኪያ መጠይቅ ያስሞላሉ። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ወይም ራስን መጉዳትን ስለማሰብ ነው። አንዲት ተማሪ ከእኩለ ሌሊት በኋላ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለው ላይ ምልክት ብታደርግ፣ መልሷን መቼ፣ ማን ያነበዋል? ይህን መመለስ የማይችል ፕሮግራም ያንን ፎርም ባያስሞላ ይሻላል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቻችን የሜዲቴሽን አፕ ገዝተን ሰጠን፤ ዞር ብሎ ያየው የለም።

አይገርምም። አፕ ብቻውን ሲቀር ይረሳል። ከጀርባው የሚከታተል ሰው ሲኖር ግን ተጠቃሚው ይቆያል፣ ውጤቱም ይሻሻላል። በሳምንት አንድ ጊዜ «የባለፈው ልምምድ እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይመድቡ። ለልምምዱ የሚሆነው ሰዓትም ከትምህርት ሰዓታቸው ላይ ይቀነስ። ዱቲ (የሆስፒታል ተረኛ ሆኖ) አድሮ ለወጣ ልጅ ስለ ዕረፍት ዌቢናር (የኦንላይን ገለጻ) መስጠት ቀልድ ነው። ማን ተገኘ ብሎ ስም መጥራቱንማ እባክዎ ይተዉት!

ጥያቄ፦ ካሜራ ማብራት ግዴታ ነው?

አይደለም። መጻፍ ብቻም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጊዜ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ምረጥልኝ።

እንቅልፍ። ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 በቅድሚያ እንዲሞከር የመከረው ክኒን ሳይሆን ለእንቅልፍ የተዘጋጀውን የንግግርና የባህርይ ሕክምና ነው። ይህ ሕክምና በኦንላይንም በደንብ ይሠራል። ግን እንቅልፍህን የነጠቀህ የዱቲ ድልድል ከሆነ፣ መታከም ያለበት ድልድሉ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይህ ሁሉ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች ማምለጫ አይሆንም?

ይሆናል፤ ሲሆንም አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን (በሥራ ብዛት መዛልን) ሲገልጽ በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ያለው። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ራሱን ሥርዓቱን ነካካው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤት «አለፈ፣ ወደቀ» ብቻ ሆነ፤ የክፍል ሰዓት በ10 ከመቶ ተቀነሰ፤ የአእምሮ ጥንካሬ ሥልጠናም ተጨመረ። በተማሪዎቹ ላይ ድባቴና ጭንቀት ቀነሰ። ልብ በሉ፣ ሥልጠናው ብቻውን አልመጣም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ግሩፓችን ላይ «ብጠፋ ይሻላል» ብሎ ጽፏል። ወደ ፕሮግራሙ ልላከው?

አይ፣ ይህ የሊንክ ጉዳይ አይደለም። አሁኑኑ ደውልለት። «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው፤ መጠየቅህ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። አዎ ካለህ ብቻውን አትተወው። ሰው ይዘህ ሂድና ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው። ካላነሳ ለቤተሰቡ ወይም አብሮት ለሚኖር ሰው ደውል። ሌላ ጥያቄ ካለህ ከዚያ በኋላ ጻፍልኝ።