ስሙ አንድ ነው፣ ቺፑ ግን ይለያያል

«የላፕቶፕ አርቲኤክስ 4070 (የኤንቪዲያ ግራፊክስ ቺፕ) ከዴስክቶፑ 4070 እኩል ነው ወይ?» ላልከው፣ አይደለም ወንድሜ። ስሙ እንዳይሸውድህ። የዴስክቶፑ 5888 ኩዳ ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ የቺፑ ትናንሽ ክፍሎች) እና 12 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። የላፕቶፑ 4608 ኮርና 8 ጊጋባይት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዋቱን እይ፤ ቺፑ የሚያገኘው ኃይል ሲያንስ ፍጥነቱም ያንሳል። ዴስክቶፑ እስከ 200 ዋት ይወስዳል። የላፕቶፑ ቀጭን ማሽን ላይ ከ50 ዋት በታች፣ ወፈር ያለው ላይ ደግሞ ከ100 በላይ ሊያገኝ ይችላል። ስሙ ያው 4070 ነው! የአምራቹ ዝርዝር ላይ «ቲጂፒ» (TGP) የሚለውን፣ ማለትም ለግራፊክስ ቺፑ የተፈቀደውን ዋት ፈልግ። እኔ ይህን ሳላይ ገዝቼ፣ ጌም ከከፈትኩ ከአስር ደቂቃ በኋላ ፋኑ እየጮኸ ምስሉ መንተባተብ ጀመረ። በጣም ነው የቆጨኝ።

ቻርጀሩ ካልተሰካ ደግሞ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። ስለዚህ የቺፑን ሳይሆን ራሱ የምትገዛውን ሞዴል የፈተሸ ቪዲዮ ፈልገህ እይ።