በየትኛው አርፒጂ ልጀምር ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። እስካሁን ፊፋና ጂቲኤ ብቻ ነው የተጫወትኩት፣ ላፕቶፔ 8 ጂቢ ራም ነው፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ሁሉም ሰው «ባልደርስ ጌት 3» ይላል፣ በሱ ልጀምር ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አርፒጂ (የአንድ ገጸ ባሕሪ ሚና ይዘህ፣ እየወሰንክ ታሪኩን የምትመራበት ጌም) የምወድ ሰው ስለሆንኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

በባልደርስ ጌት 3 አትጀምር። ጌሙ የሚባልለትን ያህል ነው፤ ላሪያን የሚባለው የቤልጂየም ስቱዲዮ በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ) አውጥቶት የዓመቱ ምርጥ ጌም መባሉም ይገባዋል። ግን 150 ጂቢ ቦታ ይፈልጋል፣ ያውም ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የማከማቻ ዲስክ) ላይ፤ ያለ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ አይታሰብም። እዚህ ሀዋሳ በሞባይል ዳታ 150 ጂቢ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ማሽኑ ቢኖርህ እንኳ ለጀማሪ ይከብዳል። ሕጉ የተወሰደው ጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ ከሚጫወቱት ከዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ቁልፍ ለመክፈትም ሰው ለማሳመንም 20 ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል፣ ለምን እንደተሳካልህና ለምን እንዳልተሳካልህ እስኪገባህ ጊዜ ይፈጃል።

የኔ ምርጫ «ድራጎን ኤጅ ኦሪጅንስ» ነው። ባዮዌር የሚባል ስቱዲዮ በ2009 ያወጣው ነው፤ 20 ጂቢ ገደማ ይይዛል፣ ያንተም ላፕቶፕ ይችለዋል። ውጊያውን በኪቦርዱ የስፔስ ቁልፍ አቁመህ ለአራቱም ሰዎችህ ተራ በተራ ትእዛዝ ትሰጣለህ፤ የጣት ፍጥነት አይጠይቅህም።

ለምን እንደምወደው በአንድ ምሳሌ ላሳይህ። ትንሽ ታሪኩን መንካቴ ነው፣ ግን አይበላሽብህም። ኦርዛማር የምትባል ከመሬት በታች ያለች የድዋርፎች (የተረት ድንክ ሕዝቦች) ከተማ አለች። ንጉሡ ሞቷል፤ ዙፋኑን ሁለት ሰዎች ይፈልጉታል። ሃሮውሞንት ቃሉን የሚያከብር፣ ጨዋ ሽማግሌ ነው። ቤሌን የሟቹ ንጉሥ ልጅ ሲሆን ለሥልጣን ብሎ የገዛ ወንድሙን አስገድሏል የሚባል ሴረኛ ነው። ማንን ታነግሣለህ? መቼም ሃሮውሞንትን ነው። ጌሙ ሲያልቅ ግን ሃሮውሞንት የድሮውን ሥርዓት አጥብቆ ይይዛል፤ ዘር የላችሁም ተብለው የተናቁት ድሆች ይብስባቸዋል፣ ከተማዋም በሯን ትዘጋለች። ያ ሴረኛ ቢነግሥ ኖሮ በጉልበት ይገዛል፣ ግን ንግዱን ይከፍታል፣ ለተናቁትም መብት ይሰጣል። ይህን አስቀድሞ የሚነግርህ የለም። ገጸ ባሕሪህን ከነዚያ ከተናቁት ድዋርፎች አድርገህ ከጀመርክ ደግሞ የገዛ እህትህ የቤሌን ሴት ሆና ታገኛታለህ፤ ያው ምርጫ ያኔ ሌላ ነገር ይሆናል። እኔና ጓደኞቼ አሞራ ገደል ዓሣ ይዘን ተቀምጠን በዚህ ጉዳይ ተጨቃጭቀናል፣ እስካሁንም አልተስማማንም። አርፒጂ ማለት ለኔ ይህ ነው።

ተቺዎች የሰጡትን ነጥብ ብቻ አይተህ አትምረጥ የምልህም ለዚህ ነው። «ፎልአውት ኒው ቬጋስ» በ2010 ሲወጣ የተቺዎችን ነጥብ በሚሰበስበው ሜታክሪቲክ በሚባለው ድረ ገጽ ከ100 84 ነው ያገኘው። ከሠሩት ሰዎች አንዱ በኋላ እንደተናገረው 85 ቢሞላ ኖሮ ጌሙን የሠራው ስቱዲዮ ኦብሲዲያን ቦነስ ያገኝ ነበር። በአንድ ነጥብ! ዛሬ ግን ጥሩ አርፒጂ ጥቀስ ስትለው ኒው ቬጋስን የማይጠራ ተጫዋች ብዙ አታገኝም፤ እኔም ከኦሪጅንስ ቀጥሎ የምሰጥህ እሱን ነው። ቀላል ነው፣ ላፕቶፕህን አያስጨንቀውም።

«ዲስኮ ኤሊሲየም» (2019) ያለ ግራፊክስ ካርድም ይሠራል፣ በጽሑፍ ደግሞ የሚስተካከለው አላየሁም። ማን እንደሆነ እንኳ የረሳ መርማሪ ፖሊስ ነህ፤ 24ቱ ችሎታዎችህ ጭንቅላትህ ውስጥ እየተከራከሩ ያናግሩሃል። እንደሌሎቹ ጎራዴ መማዘዝ የለም፣ ንግግር ነው። ዳይሱ እምቢ ሲልህ እንኳ ታሪኩ አይቆምም፣ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ያምርበታል። እንግሊዝኛው ግን ከባድ ነው። ረጅም ነገር በእንግሊዝኛ ማንበብ የማትወድ ከሆነ ለኋላ አቆየው፤ ያለ ንባብ ምንም የለውም።

«ዊቸር 3» (2015) ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ስታገኝ የመጀመሪያው ይሁን። መንገድ ላይ አንዲት ገበሬ የምትሰጥህ ትንሽ ሥራ ሳይቀር የራሱ ታሪክ አለው። «ስካይሪም» ሰፊ ነው፣ ያምራል፤ ውሳኔህ ግን ዓለሙን ብዙም አይለውጠውም፣ ስለዚህ ለኔ ከእነዚህ በታች ነው። «ኤልደን ሪንግ»ን እዚህ አልጨምረውም፣ እሱ አርፒጂ ቢሆንም ትኩረቱ ውጊያው ላይ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ «ፕሌንስኬፕ ቶርመንት» አለልህ፤ የ1999 ጌም ቢሆንም የታደሰው ቅጂ በአንድሮይድ ስልክም ይሠራል።

ኦሪጅንስ በአዲስ ዊንዶውስ ላይ አልፎ አልፎ በራሱ ይዘጋል፤ የደረስክበትን የሚያስቀምጥልህን የኤፍ5 ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ተጫን፣ መብራት ድንገት ቢሄድና ባትሪህ ደካማ ቢሆንም ያድንሃል። ኦርዛማር ስትደርስ ማንን እንዳነገሥክ እዚሁ ጻፍልኝ።