ካውንስሊንግ መማር፣ ፈቃድ ሳያወጡ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። ክሊኒክ ግን አልከፈትኩም፤ የጤና ባለሙያ ፈቃድም የለኝም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ተማሪዎችን አማክራለሁ። ሰሞኑን ጥያቄ ስለበዛብኝ ደጋግሞ የተነሣውን እዚህ ልመልስ።

ፈቃድ ካላወጣሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እለፋለሁ? (መምህርት፣ ከሞጣ)

እህቴ፣ አንድ ነገር ላጫውትሽ። አንድ ተማሪ ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ ይዞ ቢሮዬ ገባ። «ፊርማ ብቻ ነው የምፈልገው» አለኝ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ደግሞ አጠፈው። ድሮ ቢሆን ወይ እፈርምለታለሁ፣ ወይ መክሬ እሸኘዋለሁ። ስንማር ግን መምህራችን ልምምዳችንን እየቀዳ ያሰማን ነበር። ሰው ሳይጨርስ ስንት ጊዜ እንዳቋረጥኩ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ በጣም አፍሬያለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ልጁ ቆይቶ ቆይቶ «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አለ። ቅጹን ያን ቀን አልሞላነውም። አንቺም በየቀኑ እንዲህ ያሉ ልጆች ፊት ትቆሚያለሽ።

በኦንላይን ከአሜሪካ ልማር ነው። ፈቃድ የማያስገኘው ፕሮግራም ዋጋው ቀለል ይላል። ልግባበት? (ከባሕር ዳር)

መጀመሪያ የሚጎድለውን እወቅ። እዚያ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። ብዙዎቹ 60 ክሬዲት ያለው ማስተርስ ይጠይቃሉ። ከምረቃ በኋላ ደግሞ በባለሙያ ክትትል የሚሠራ በሺዎች የሚቆጠር ሰዓትና ፈተና አለ። ኬክሬፕ የሚባለው አካል እውቅና የሰጣቸው ፕሮግራሞች በትምህርቱ ውስጥ ቢያንስ የ100 ሰዓት ልምምድና የ600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ አላቸው። ፈቃድ የማያስገኙት ብዙ ጊዜ የሚቀንሱት ይህንኑ ነው። ነገ ዲቪ ቢደርስህና ሐሳብህ ቢቀየር ያንን ሁሉ እንደገና ልትከፍልበት ነው። ፈቃዱ ይቅርብህ እሺ፤ ልምምዱ ግን አይቅርብህ። ማድመጥ በንባብ ብቻ አይለመድም።

ዲግሪውን ይዤ «ሳይኮቴራፒስት» የሚል ታፔላ ብሰቅልስ? (ከፍኖተ ሰላም)

ተው ወንድሜ። በዚህ አልደራደርም። አምኖህ የመጣው ሰው ነው የሚጎዳው። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ፣ እህል አልቀምስ ያለ ሰው ቢመጣብህ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አለ፤ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት አለ። ወረቀት ጽፈህ ብቻ አትላከው፤ አብረኸው ሂድ። መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ የሚመለስ ብዙ ነው።

ታዲያ ያለ ፈቃድ ምን የሚረባ ነገር ይሠራል? (ይኸው ጠያቂ)

ብዙ። ዚምባብዌ ውስጥ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. 14 ሴት አያቶችን አሠልጥነው ሥራ አስጀመሩ። አያቶቹ ጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰው ችግር ያደምጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እነሱ ጋ የተቀመጡ ሰዎች ጭንቀትና ድባቴ ከሌሎቹ ይበልጥ እንደቀለለላቸው አሳይቷል። ልብ በል፣ ሥልጠናም ተቆጣጣሪም ነበራቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሐኪም ያልሆነ ሰው በ5 ቀጠሮ የሚሰጠው የምክር አሰጣጥ አዘጋጅቷል። ትምህርት ቤት፣ የወጣቶች ማእከል፣ የተፈናቀሉ ሰዎች ያሉበት መጠለያ፣ ሁሉም እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋል።

የወንድሜ ልጅ ጸበል ላይ ነው። የእናንተ ትምህርት ይህን ይቃወማል? (አባት፣ ከቢቸና)

አይቃወምም፣ አባቴ። ይጠመቅ። ሐኪም የሰጠውን ክኒን ብቻ እንዳያቋርጥ ይጠብቁት። የንስሐ አባቱን ያነጋግሯቸው፤ እሳቸው «መድኃኒትህንም ዋጥ» ካሉት ከእኔ ይልቅ ይሰማቸዋል።

43 ዓመቴ ነው። አልረፈደም?

አልረፈደም። አገር ውስጥ ከሆነ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ከአሁኑ ተዘጋጂ።

ለሙያው እንደምሆን በምን ልወቅ?

በዚህ ሳምንት ችግሩን የሚያወራህ ሰው ሲገጥምህ 10 ደቂቃ ብቻ አድምጠው። «አይዞህ» አትበል። «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» አትበል። ቤት ስትገባ ሰውየው ያለውን በራሱ ቃል ጻፈው። ስንት መስመር እንደሞላህና የት ላይ ለመናገር እንደቸኮልክ ንገረኝ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።