ልጄ ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን ብትማር ዓመቷ አይባክንም?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል። የምኖረው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ እዚሁ ቂሊንጦ አካባቢ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ስትሆን፣ በአውሮፓ ኅብረቱ የኤራስመስ ፕላስ የተማሪዎች ልውውጥ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ጀርመን እንድትሄድ ተመርጣለች። አባቷ «ከጓደኞቿ ወደኋላ ትቀራለች» ብሎ ይሰጋል፤ አጎቷ ደግሞ «አንዴ ከወጣች ምን ይመልሳታል?» ይላል። ለመሆኑ ጥቅሙ ምንድን ነው? የእቁብ ዕጣዬ ሊደርሰኝ ስለሆነስ ለምን ለምን ላዘጋጀው?
እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ አለዎት። የባለቤትዎን ሥጋት አስቀድማለሁ፤ እርሱ ካልተፈታ ጥቅሙን መዘርዘር ትርጉም የለውምና።

የልውውጥ ተማሪ ዲግሪ ለመያዝ ወደ ውጭ ከሚሄድ ተማሪ ይለያል። ልጅዎ የአገር ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደሆነች ትቆያለች፤ የጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቃትም፣ ዲግሪም አይሰጣትም። የሚሰጣት የወሰደቻቸውን ኮርሶችና ውጤቷን የሚያሳይ ትራንስክሪፕት ነው። ይህ ወረቀት እዚህ ዋጋ እንዲኖረው፣ የትኛው የጀርመን ኮርስ የትኛውን የአገር ቤት ኮርስ እንደሚተካ ከመሄዷ በፊት በጽሑፍ መወሰን አለበት። ለዚሁ የሚዘጋጀውን የትምህርት ስምምነት ተማሪዋ፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ይፈርሙበታል። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮው መፈረሙ ብቻ ግን አያዝናናችሁ፤ ስትመለስ ውጤቷን የሚያስተካክልላት የትምህርት ክፍሏ ስለሆነ ኃላፊው እያንዳንዱን ኮርስ አይቶ ሊስማማበት ይገባል። «ግድ የለም፣ ስትመለሺ እናየዋለን» የሚል ኃላፊ ቢያጋጥማት፣ አመስግና ወረቀቱን ታስፈርመው። እዚያ ከደረሰች በኋላ ሰዓት ተጋጭቶባት ኮርስ ብትቀይርም ለውጡ እንደገና በሦስቱም ወገን መጽደቅ አለበት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስደው ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። ፈተናው በዋና ዋና የሙያ ኮርሶች ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ እነዚህ በብዛት የሚሰጡበትን ሴሚስተር ውጭ አገር ካሳለፈች የዘለለችውን በራሷ ማንበብ ይኖርባታል። የቀን አቆጣጠሩም ችግር አለው፤ የጀርመን የክረምት (የዊንተር) ሴሚስተር በመዝገብ ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 የሚዘልቅ ሲሆን የሴሚስተሩ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ በፌብሩዋሪና በማርች ስለሚሰጥ፣ የእኛ ሁለተኛ ሴሚስተር እርሷ ሳትመለስ ሊጀመር ይችላል። አባቷ መጠየቅ ያለባቸው ይህንኑ ነው፤ «ትሂድ ወይስ ትቅር» ከማለት ይልቅ «የትኛው ሴሚስተር ይሻላል» ቢባል መልሱ ይቀላል።

ወደ እቁቡ ልምጣ። ፕሮግራሙ እንደ ተቀባዩ አገር የኑሮ ውድነት በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ የኑሮ ድጎማና በርቀት የሚሰላ የጉዞ ገንዘብ ይሰጣል። ለቪዛ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) አስቀምጡ ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ይህ ለአንድ ዓመት በራሳቸው ወጪ ለሚማሩ የተቀመጠ ነው፤ ልጅዎ በቦታው የድጎማ ደብዳቤዋን ታቀርባለች። ችግሩ ድጎማው በደረሰችበት ቀን እጇ አለመግባቱ ነው። አከራይ በሕግ እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ መጠየቅ ይችላል፤ ከትምህርት ክፍያ የተለየው የሴሚስተር መዋጮና የጤና መድን ክፍያም ወዲያው ይመጣሉ። ስለዚህ እቁቡ ለፓስፖርት፣ ለሰነድ ማረጋገጫና ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ቢውል በእኔ ግምት በቂ ሥራ ይሠራል። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ሒሳቡን በዛሬው ምንዛሬ አስልታችሁ ጥቂት ጨምሩበት። ጀርመን ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን እንዲሠራ ትፈቅዳለች፤ ለአንድ ሴሚስተር የሄደች ልጅ ግን በዚህ ባትተማመን እመክራለሁ።

በሰነድ በኩል ስሟና የአያቷ ስም በፓስፖርቷ፣ በትራንስክሪፕቷና በጥሪ ደብዳቤዋ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይኑራቸው። የልደት ቀኗንም በግምት አትለውጡ፤ ታኅሣሥ 29 ቀን 1996 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 8 ቀን 2004 እንጂ፣ ብዙዎች በልማድ እንደሚጽፉት ጃንዋሪ 7 አይደለችም።

ጥቅሙን ብዙ ሰው ከቋንቋና ከአገር ማየት ጋር ያያይዘዋል። እኔ የበለጠ የምሰጠው ግምት ለሌላ ነገር ነው፦ በሴሚናር ላይ ጥናቷን አቅርባ መምህሯ ሲሞግታት መልስ መስጠትን ትለማመዳለች፤ ሥራዋን በቅርብ ያየ የውጭ መምህርም ኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍላት ይችላል። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በምትጠልቅበት አገር ብቻዋን ምግቧን አብስላ፣ ከቤት አከራይ ጋር ተነጋግራ መኖሯም ትምህርት ነው፤ የመጀመሪያው ወር ግን ሊከብዳት ስለሚችል ስልክ አታሳጧት።

ለአጎቷ እንዲህ በሏቸው፦ የመኖሪያ ፈቃዷ የተሰጠው ለልውውጡ ነው፤ ትምህርቷን አቋርጣ ብትቀር ከአገር ቤትም ከጀርመንም ዲግሪ አይኖራትም። ኤራስመስ ሙንዱስን የመሳሰሉ የማስተርስ ዕድሎች የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃሉ፤ ማመልከቻቸው በብዛት ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ስለሚከፈት፣ ከተመለሰች በኋላ በመጨረሻው ዓመቷ ቱሉ ዲምቱ ቤታችሁ ሆና ማመልከት ትችላለች።