ድንጋይም ይታመማል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ የሚያወሱት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በጥንቃቄ ተሰብስቦ በመሳቢያ ወይም በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ከጊዜ በኋላ ስለሚደርስበት ጉዳት ነው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚሻ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ፣ ወርቅ መስሎ የሚያብረቀርቅ የአሞናይት ቅሪተ አካል ካገኘሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ ሳጥኑን ስከፍት ነጣ ያለ፣ አልፎ አልፎም ወደ ቢጫ የሚያደላ ዱቄት ወጥቶበት፣ ከሥሩ ያነጠፍኩለት ጥጥም ጠቁሮና ተበጣጥሶ አገኘሁት። ክብሪት ሲጫር የሚሸተውን ዓይነት ሽታም አለው። ሻጋታ መስሎኝ በውኃ ባጥበው ከሳምንት በኋላ ተሰነጠቀ። ምን ነክቶት ነው? ሌሎቹስ ድንጋዮቼ ይያዙ ይሆን?

መልስ፦ ያዩት ሻጋታ ሳይሆን ሰብሳቢዎች «የፒራይት በሽታ» የሚሉት ነገር ነው። ፒራይት ብረትና ድኝ የተዋሐዱበት ማዕድን ሲሆን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድኝ ነው። መልኩ ብዙዎችን አሞኝቷል፤ ቅኔ ቢሆን ኖሮ ሰሙ ወርቅ፣ ወርቁ ግን ብረትና ድኝ ነው እንል ነበር። አሞናይቱ፣ ማለትም ዘሩ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ፣ ሞቶ ኦክስጅን በሌለው የባሕር ጭቃ ውስጥ ሲቀበር፣ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በባሕሩ ውኃ ካለው ሰልፌት ሰልፋይድ ያወጣሉ፤ ይህም በጭቃው ካለው ብረት ጋር እየተዋሐደ የዛጎሉን ጓዳዎች በፒራይት ይሞላል። ይህ ፒራይት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሳይነካ የኖረው አየር ስላልደረሰበት ነው። በእርስዎ ሳጥን ውስጥ ግን ኦክስጅንም እርጥበትም አገኘ።

ሁለቱ ሲገናኙት ፒራይቱ ወደ ብረት ሰልፌትና ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል። ነጩና ቢጫው ዱቄት ሰልፌቱ ነው፤ ጥጡን ያከሰለው ደግሞ አሲዱ ነው። ሰልፌቱ ከቀድሞው ማዕድን የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ድንጋዩን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ያጠቡበት ውኃ የላዩን ዱቄት ቢያነሳም በቀጫጭን ስንጥቆች ዘልቆ በሽታው የሚፈልገውን እርጥበት አቀበለው። ቀደም ባለው ዘመን የጉዳቱ ምክንያት ባክቴሪያ ነው ተብሎ ድንጋዮች በተባይ ማጥፊያ ይታከሙ ነበር፤ ኋላ ግን እነዚያ ባክቴሪያዎች በተለመደው የቤት አየር ውስጥ ሊሠሩ የማይችሉ፣ እጅግ ከፍተኛ እርጥበት የሚሹ መሆናቸው ታወቀ።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ለረጅም ጊዜ ሳልከፍተው የቆየሁትን መሳቢያ አንድ ቀን ስስብ፣ አሞናይቴ ነቀዝ እንደበላው እህል ወደ አንድ እፍኝ ግራጫ ዱቄት ተለውጦ ጠበቀኝ። አጠገቡ የነበረው የካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ማዕድን፣ ዛጎል ፊቱ ተበልቶ ሸካራ ሆኗል። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ድንጋዩ የተገኘበትን ቦታና ቀን የጻፍኩበት ወረቀት ነው፤ ከጽሑፉ የቀረው የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ነበር። ድንጋይ የት እንደተገኘ ካልታወቀ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ በማይታይ ጎኑ ነጭ ቀለም ጠብ አድርገው ቁጥር ይጻፉበት፤ ዝርዝሩን ደግሞ ከሳጥኑ ውጭ በሚቀመጥ መዝገብ ያስፍሩት።

አሁን የሚደረገው ይህ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩን ከሌሎቹ ይለዩት፤ በሽታው እንደ ጉንፋን የሚተላለፍ ባይሆንም አሲዱ ጎረቤቱን ሁሉ፣ በተለይ የኖራ ድንጋይና የካልሳይት ቅሪተ አካላትን ይበላል። ከዚያ ፎቶግራፍ ያንሡት፤ ካልተሳካልን የሚቀረው እርሱ ነውና። ጓንት አጥልቀው፣ ዱቄቱን እንዳይተነፍሱ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። በመጨረሻም በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ይዝጉበት፤ ይህ በአዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ በትንሽ ከረጢት የሚገኘው እርጥበት መጣጭ ጠጠር ነው። ጠጠሩ እርጥበት ሲጠግብ ሥራውን ስለሚያቆም በየጊዜው መለወጥ ወይም በሙቀት ማድረቅ ያስፈልጋል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ካለፈ ለውጡ ይፋጠናል፤ ከ40 በመቶ በታች ሲሆን ደኅና ነው፤ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ዕቃው ውስጥ ቢያኖሩ ከግምት ይድናሉ። ቫርኒሽ መቀባትን አልመክርም፤ እርጥበት ቀስ ብሎ በቫርኒሹም ስለሚያልፍ በሽታው ከሥር ይቀጥላል፣ እርስዎ ግን አያዩትም።

ፒራይት ሁሉ እንዲህ አይሆንም። ጠርዛቸው የተሳለ ትልልቅ ኩቦች በመደርደሪያ ላይ ያለ አንዳች ለውጥ ብዙ ዘመን ይኖራሉ። የሚታመመው በአብዛኛው በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተጠራቀሙበት፣ ለአየር ሰፊ ገላ የሚሰጠው ዓይነት ነው፤ እንደ አለመታደል በቅሪተ አካላት ውስጥ የሚበዛው ይኸው ነው። ቅንብሩ አንድ ሆኖ አተሞቹ በሌላ ሥርዓት የተደረደሩበት ማርካሳይት ደግሞ ከፒራይትም ይብሳል።

ጥያቄ፦ በድንጋይ ውስጥ ያለ የዛጎል ቅሪተ አካል እንዲጸዳልኝ ብዬ አቼቶ ውስጥ ባሳድረው አብረቅራቂው ጭረቱ ሁሉ ጠፍቶ ልሙጥ ሆነ። ሌሎች በአሲድ ያጸዳሉ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ታዲያ ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ስሕተቱ ዛጎሉና በዙሪያው ያለው ድንጋይ ከአንድ ነገር የተሠሩ መሆናቸውን አለማጣራት ነው። አሲድ ካልሳይትን እያረፋ ያሟሟል፤ ዛጎሉም ድንጋዩም ካልሳይት ከሆኑ ቅርሱን ከትርፉ አይለይም። በአሲድ የሚያጸዱ ባለሙያዎች የሚሠሩት ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ፎስፌት ያለበትን አጥንት ወይም ወደ ሲሊካ (ኳርትዝ የተሠራበት ጠንካራ ነገር) የተለወጠ ዛጎል ለማውጣት ነው፤ እነዚህ ደካማ አሲድን ስለሚቋቋሙ ድንጋዩ ሲሟሟ እነርሱ ይቀራሉ። ለማወቅ በቅሪተ አካሉ በማይታይ ጥግ አንዲት ጠብታ ያኑሩና በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ ካረፋ አሲዱን ይተውት። ወይም በቢላዋ ጫፍ በቀስታ ይጫሩት፦ የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚያስቀምጠው የሞስ መለኪያ ካልሳይት 3 ስለሆነ ይጫራል፣ ሲሊካ ግን ወደ 7 ስለሚጠጋ ቢላዋውን ይመልሳል። የእርስዎን ዓይነት በመርፌ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በትዕግሥት ከማጽዳት ሌላ አቋራጭ የለውም።

ጥያቄ፦ መስኮት ላይ ያኖርኩት ሐምራዊ አሜቲስት እየገረጣ ነው። መልሶ ሐምራዊ ይሆናል?

መልስ፦ ቤት ውስጥ በሚደረግ ነገር አይመለስም። አሜቲስት፣ በጥንት ስሙ አሜቴስጢኖስ፣ ኳርትዝ ሆኖ ሐምራዊነቱን ያገኘው በውስጡ ካለው እጅግ ጥቂት ብረትና ከመሬት ውስጥ ከሚወጣ የተፈጥሮ ጨረር ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ይህን ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ከመስኮቱ ያንሡት፤ የቀረው ይተርፋል። ቡናማ ቶፓዝና አንዳንድ ፍሎራይትም እንዲሁ ይገረጣሉ። ሬያልጋር የተባለው ቀይ ማዕድን ደግሞ ብርሃን ሲመታው መርዛማው አርሴኒክ ያለበት ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ ስለዚህ እርሱን በጨለማ ሳጥን አስቀምጠው ለእንግዳ ማሳየት ሲፈልጉ ብቻ ይክፈቱት፤ ከነኩትም በኋላ እጅዎን ይታጠቡ።